ጠሪ የማይፈልግ ዳንስ

ብራምሊ ኮሌጅ፣ ማሳቹሴትስ
ሴፕቴምበር 28 ቀን 1986

አጎቴ ኦረን፣

ከአንተም ከላሞችህም አንድ ቃል አልደረሰኝም ብዬ ላኮርፍ ስል ካርድህ ደረሰ፤ ስለዚህ ኩርፊያውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። አዎ፣ በደህና ገብቻለሁ። አዎ፣ የሱፍ ካልሲውን አድርጌዋለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ "በግ በግ ትሸቻለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። ሦስተኛው ጥያቄህ ግን "አዎ" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። "ታዲያ መጨረሻው ምን ልትማሪ ነው?" ላልከኝ፣ እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እዚህ ኮሌጅ አንድ ደስ የሚል ደንብ አለ። ካሉት የትምህርት ክፍሎች አንዱም አልበቃ ያለው ተማሪ ከዚህም ከዚያም አዋህዶ የራሱን ዲግሪ መሥራት ይችላል። ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ሦስት መምህራን ይመረምሩታል፣ ሦስቱም ከፈረሙለት ከዚያ በፊት ማንም ያልተማረው ዲግሪ ይኖረዋል። እኔም አንድ ልሠራ ነው። ሒሳብ፣ ሙዚቃና የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት፤ ሦስቱም ተዋህደው ስለ እኛ የቅዳሜ ዳንስ።

እየሳቅክ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቅ፤ እጠብቃለሁ።

ጨረስክ? አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከተማ ያደገች ስለሆነች "የረድፍ ዳንስ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም ረድፎች ናቸው አልኳት። ከጓደኛሽ ጋር ሆነሽ አጠገብሽ ካሉት ጥንዶች ጋር ትደንሻለሽ፤ ዜማው አንድ ዙር ሲያልቅ እነሱን ትታችሁ ወደሚቀጥሉት ታልፋላችሁ፤ እንዲህ እያላችሁ አዳራሹን ታዳርሱታላችሁ። የረድፉ ጫፍ ላይ ስትደርሱ አንድ ዙር ቆማችሁ ትጠብቁና፣ ቦታ ተቀያይራችሁ ፊታችሁን ወደ ውስጥ አዙራችሁ ትመለሳላችሁ። እንግዳ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ጫፉ ላይ ነው፤ መቀያየሩን ይረሳዋል። መድረኩ ላይ ደግሞ አጎቴ ቆሞ ቀጥሎ የሚደረገውን ከዜማው ጋር እያስማማ ይጠራል አልኳት። "ስትሳሳቱስ?" አለችኝ። "እንስቃለና" አልኳት።

እኔ ሒሳብ ስማር የሚታየኝ የአዳራሹ ወለል ነው። ሙዚቃ ስሰማ የሚቆጥረው እግሬ ነው። ሰው ሲራመድ ሳይ ደግሞ ክብደቱን የትኛው እግሩ ላይ እንዳደረገ አያለሁ። እነዚህ ለእኔ ሦስት ነገር ሆነው አያውቁም። እስከ ሜይ ድረስ ካልተፈረመልኝ ግን ካሉት ክፍሎች አንዱን መርጬ ሁለቱን መጣል ግዴታዬ ነው። የትኛውን ልጣል?

ደግሞ ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ስልክ ለምን አታነሳም?

የእህትህ ልጅ፣
ፊቢ


ሃርሎ፣ ቨርሞንት
ኦክቶበር 9

ፊቢዬ፣

ስለ ዲግሪሽ ለላሞቹ ልነግራቸው ነበር፤ ወተታቸው ይደርቃል ብዬ ተውኩት።

ልጄ፣ አንቺ ሒሳብ ትችያለሽ። እናትሽ ትችል ነበር፣ አንቺ ደግሞ ከእሷ ትበልጫለሽ። ሒሳብሽን ተማሪ፣ ሥራ ያዢ፣ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ይኑርሽ። ዳንሱ የትም አይሄድብሽም። ቅዳሜ ሲሆን አዳራሹ እዚያው ኮረብታው ላይ ነው፣ ሉሲል ፒያኖዋ ላይ ናት፣ የዳንሱ እራት ባቄላም ምድጃ ላይ ነው። ለዚህ ዲግሪ የሚያስፈልገው ጫማና ጓደኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስልኩ መንኮሻኮሽ ይዟል፣ ምንም አይሰማም። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎተራ ነው የምውለው። ጻፊልኝ፤ ደብዳቤ እወዳለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። የሜፕል ዛፎቹ ቅጠል ቀልቷል፣ ከከተማ የመጣው ሁሉ መንገድ ዘግቶ ፎቶ ያነሳዋል።

ኦረን


ኖቬምበር 2

አጎቴ፣

ያሰብከው ደረሰልህ፤ አልፈረሙልኝም።

ሁለቱ ፈገግ ብለው ነበር፣ የሙዚቃው መምህርና የሰውነት እንቅስቃሴ የምታስተምረው ዶክተር። ሦስተኛዋ ግን ዶክተር ኢርማ ዊትኮም ናቸው፣ የሒሳብ መምህሬ። ጸጉራቸውን በእርሳስ ጠቅልለው ይይዙታል፣ ከዚያ እርሳሱን ሲፈልጉት ይውላሉ። ያስገባሁትን ጽሑፍ በሙሉ አንብበው መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጻፉበት፤ "ይህ የምትወጂያቸውን ነገሮች መደርደር ነው። ከሦስቱ አንዱን ባወጣው የቀሩት ይወድቃሉ?"

እውነቱን ልንገርህ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ሄጄ የፖም ፓይ በላሁና ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት። ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ምን ያልከተትኩበት ነገር አለ? ባቄላው ሳይቀር አለበት። የአዳራሹ ወለል ከምን እንጨት እንደተሠራ ጽፌአለሁ። እንደገና የማቀርበው ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ነው፤ ያኔም እምቢ ካሉ አለቀለት።

ስለዚህ ልትስቅብኝ ከፈለግክ ሳቅብኝ፣ ግን አንድ ነገር መልስልኝ። አንተ አዲስ ዳንስ ስትሠራ ከአንዱ እንቅስቃሴ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ በምን ታውቃለህ?

ሌላም አለኝ። ዕድሜህን ሙሉ ከልደት ካርድ በላይ ጽፈህልኝ አታውቅም፤ እሱም ላይ ስምህን ብቻ ነበር። ደብዳቤ መውደድ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?

ፊቢ


ሃርሎ
ኖቬምበር 16

ፊቢዬ፣

አለቀስኩ ያልሽውን ሳነብ የሳቅኩት ሁሉ ጸጸተኝ። ሴትዮዋን ግን እንዳትጠያት። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ። መጥፎ ዳንስም እንደዚያ ነው፤ ከመሃሉ አንዱን ብታወጪው ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ለጠየቅሽኝ፤ እኔ የማየው እጅ ነው። ሰዎቹ ተያይዘው ሲሽከረከሩ ቆይተው ሲላቀቁ ባዶ የሚቀረው የትኛው እጅ ነው? ቀጣዩ እንቅስቃሴ ለዚያ እጅ ሥራ መስጠት አለበት። ሰውየው ወደ ግራ እየሄደ ሳለ ወደ ቀኝ ሂድ ካልሽው ይሄዳል፤ ግን በሆዱ ይሰድብሻል። ሉሲል ደግሞ የምታየው ሌላ ነው። ዜማው ከፍ ሲል ሰው ወደ ፊት መራመድ ይፈልጋል ትላለች፤ የሚከለክለው ጠሪ ካለ ሞኝ ነው ትላለች። እኔን እያየች ነው እንዲህ የምትለው።

ለምስጋና ቀን መምጣትሽን ተይው። መንገዱ በረዶ ይሆናል፣ የሉሲል ልጆችም እኔ ጋ ነው የሚያድሩት፣ አልጋ የለም። ክሪስማስ ሲደርስ ነይ።

ኦረን


ዲሴምበር 1

አጎቴ፣

አትምጪ እያልከኝ በመምጣቴ አትቀየመኝ፣ እኔም አልተቀየምኩህም፤ ማለት ተቀይሜህ ነበር፣ አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ለቀቀኝ። አልጋ የለም ያልከው ቤት ውስጥ ሁለት ባዶ አልጋ ቆጥሬአለሁ። የእትዬ ሉሲል ልጆች ደግሞ ፍሎሪዳ ናቸው።

በሩን ከፍተህ ስታየኝ አፍህ ተንቀሳቅሶ ምንም ሳይወጣው የቀረው ከድንጋጤ መስሎኝ ነበር። እስክትጽፍልኝ ድረስ አልገባኝም። እኔ ወደ ኮሌጅ ከወጣሁበት ከኦገስት ጀምሮ፣ አጎቴ። ከጉሮሮህ ያን እብጠት ካወጡልህ ሦስት ወር ሆኖሃል፣ ክፉ አይደለም ብለውሃል፣ ድምፅህ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብለውሃል፣ አንተ ግን ስልኩ ይንኮሻኮሻል ትለኛለህ። በጣም አናደድከኝ። ደግሞ በጣም እወድሃለሁ። ሁለቱንም በአንድ ላይ እወቅልኝ።

አሁን ስለ ቅዳሜው ልንገርህ፤ አንተ እዚያ ነበርክ፣ ግን ያየሁትን ያየህ አይመስለኝም። ያን ቀይ ኮፍያህን አድርገህ ፒያኖው ጥግ ተቀምጠህ ወለሉን እንጂ ሰውን አታይም ነበር። ማንም አልጠራም። ሙዚቀኞቹ ጀመሩ፣ የመንደሩ ሰው ደግሞ በቃሉ የሚያውቃቸውን እነዚያን ሦስት የድሮ ዳንሶች ደነሰ። ያልለመዱት እንግዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ፤ አሳዘኑኝ። ግን ሁለተኛው ዳንስ ላይ አንዲት ሴትዮ ዘው ብላ ገባች። ዳንሱን እንደማታውቀው ያስታውቅባታል። ማንም ምንም አላላትም፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ግን እየሳቀች ከሰው እኩል ትዞር ነበር። በሦስተኛው ሞከረች፣ እዚያ ግን ጠፋባት።

ለምን? አንዱ ዳንስ ሳይጠሩት ራሱን የሚያስተምረው፣ ሌላው የማያስተምረው ለምንድን ነው? ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አሰብኩ። ዳንሱን የሚያስተምረው ሒሳቡ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁለቱም በወረቀት ላይ ልክ ናቸው። ዜማው ለብቻው አይደለም። ሰውነትም ለብቻው አይደለም። ሦስቱ የተስማሙ ጊዜ ግን ጠሪ አያስፈልግም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፣ አጎቴ። ለማያውቀው ሰው፣ አንድ ቃል ሳይነገረው፣ እግሩ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ የሚነግረው ዳንስ እንዴት ይሠራል? ዶክተር ዊትኮም አሁን አንዱን ያውጡትና እንያቸው።

ፊቢ


ሃርሎ
ዲሴምበር 14

ፊቢዬ፣

ለምን እንደደበቅኩሽ ልንገርሽ። አፈርኩ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ድምፅ የሌለው ጠሪ ምን ይባላል? ደግሞ ብትሰሚ ትምህርትሽን ጥለሽ መጥተሽ መድረኩ ላይ ትቆሚ ነበር፤ አታደርጊውም ነበር እንዳትይኝ። የእናትሽ ልጅ ነሽ።

ጥያቄሽን ያነበበችልኝ ሉሲል ናት፤ መነጽሬ ጠፍቶ ነበር። ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ልጅቷ ያንተን ሥራ ልታጠፋው ነው" አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ የሚወጣው ድምፅ አሮጌ በር ይመስላል፣ ግን ይወጣል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጠሪዎች እርስ በርሳችን እንጂ ለሌላ አናወራውም። ጥሩ ጠሪ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሁሉን ይጠራል። ከዚያ ግማሹን ይጠራል። ከዚያ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል። ከዚያ አፉን ይዘጋል። ሰው ሲደንስ መስማት ያለበት ሙዚቃውን እንጂ አንቺን አይደለም። ሥራው ያለው ዝም ማለቱ ላይ ነው። ጀማሪ ጠሪ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ እኔ ከተውኩት አዳራሹ ይፈርሳል ይመስለዋል። እኔ ያንን እስክማር ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሐኪሙ በአንድ ጠዋት አስተማረኝ።

ስለዚህ ሒሳብሽን ብቻ ተማሪ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ይህንን ነገር ሥሪልኝ። ከአሁን በኋላ እንዲፈርሙልሽ የምፈልገው ከአንቺ ይልቅ እኔ ነኝ።

አጎትሽ


ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987

አጎቴ ኦረን፣

ዶክተር ዊትኮም ምን አሉ? ያልከኝን አሁን ነው መመለስ የምችለው፤ ትናንት ጠሩኝ።

አዲሱን ጽሑፌን አነበቡት። አጭር ነው፣ ባቄላ የለበትም። ለረጅም ጊዜ እርሳሳቸውን ሲፈልጉ ቆዩና (ጸጉራቸው ውስጥ ነበር) "አሁን አንዱን ባወጣው ይወድቃል" አሉኝ። ዘልዬ ላቅፋቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ግን "ሊሠራ እንደሚችል ግን በምን ልወቅ?" አሉ። የማይመለስ ጥያቄ ይዘሽ ሁለት ዓመት እንድትባክኚ አልፈርምም አሉኝ።

እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ይምጡና ይደንሱት" አልኳቸው።

ሦስቱም ሊመጡ ነው፣ አጎቴ። ኤፕሪል አሥራ አንድ፣ ቅዳሜ። እኔ የሠራሁትን አዲስ ዳንስ፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን፣ ጠርቼ አስጀምራለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዳንሱ ያለ እኔ ከቀጠለ ይፈርማሉ። ከፈረሰ አይፈርሙም። ዶክተር ዊትኮም ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንሰው አያውቁም፤ "እንግዲያው ከእኔ የተሻለ መፈተኛ አታገኚም" ብለዋል። ምን ዓይነት ጫማ እንደሚሻል ጠይቀውኛል።

ዳንሱን እልክልሃለሁ። ስሙ "የኦረን ዕረፍት" ነው። የመጀመሪያው አሠራሬ ሴቶቹን ሁሉ በተሳሳተው ረድፍ ላይ ጥሏቸው ነበር፤ ስህተቱን ያገኙት ዶክተር ዊትኮም ናቸው። ሰሌዳው ላይ ሥለው አሳዩኝና ከዚያ እንደ ልጅ ተደሰቱበት፤ ምሳችንን ረስተን እዚያው ቆመን እየተገፋፋን አስተካከልነው። ስለ እሳቸው መጀመሪያ የጻፍኩልህን በከፊል እሰርዘዋለሁ። እርሳሱ ግን እውነት ነው።

ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው አላልኩትም፣ ለአንተ ግን እላለሁ።

ፊቢ


ሃርሎ
ማርች 15

ፊቢዬ፣

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ከሜፕል ዛፎቹ የሚቀዳው ጣፋጭ ውሃ መንጠባጠብ ጀምሮ፣ እሱን ሳፈላ ሰውነቴ ሁሉ ሽሮፕ ሆኗል፤ ይህ ወረቀት ከተጣበቀብሽ ላሺው።

ዳንስሽን ሞክረነዋል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ደጅ አውጥተን ከጎረቤቶቹ ጋር በሉሲል ምድጃ ዙሪያ ደነስነው። ልንገርሽ አይደል? መጀመሪያው ግሩም ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ግን የሉሲል ክርን ምድጃው ላይ አረፈ። ሁላችንም ወደ ግራ እየሄድን ሳለ አንቺ ወደ ቀኝ ትልኪናለሽ። በሰሌዳ ላይ ልክ ይሆናል፣ እግር ግን እሺ አይልም። አስተካክዪው። ዜማውን ደግሞ ሉሲል ቀይራዋለች፤ የመረጥሽው ከፍ የሚለው ሰው ቆሞ ሳለ ነው፣ አሁን ግን ወደ ፊት ሲራመዱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ገርሞኛል። ጎረቤቴ ኢዝራ የግራና የቀኝ እጁን የማይለይ ሰውዬ ነው፤ እሱ እንኳ ሳይነግሩት ሄደ።

ፈርቻለሁ ላልሽው፤ ደግ አደረግሽ። እኔም አንድም ቅዳሜ ሳልፈራ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የምትፈሪው ግን ዳንሱ እንዳይፈርስ ከሆነ ተሳስተሻል። ዝም ማለቱን ነው መፍራት ያለብሽ። ያን ጊዜ አፍሽ አንቺን አይሰማሽም።

መምህራንሽን መኪናቸውን ድልድዩ ጋ እንዲያቆሙ ንገሪያቸው። ኤፕሪል በረዶው የሚቀልጥበት የጭቃ ወር ነው፣ ኮረብታውን አይወጡትም። አደራ።

ኦረን


ኤፕሪል 13

አጎቴ፣

በአደራ ነግሬአቸው ነበር። የሙዚቃው መምህር "ይኼ መኪና የትም ይወጣል" ስላሉ ነው። አንተ በትራክተር ስትጎትታቸው ዶክተር ዊትኮም ከኋላ ወንበር ሆነው በመስኮት ያወለበለቡልህን ፎቶ አንስቼአለሁ። ጫማቸው ውስጥ የገባው ጭቃ እስከ ዛሬ አልደረቀም፤ እሳቸው ግን ደህና ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን ልቤ አልተረጋጋም፤ ለአንተ ልጻፈውና ይቅለለኝ።

እንዳልከኝ አስጀመርኩ። በእርምጃ አለማመድኳቸው፣ እትዬ ሉሲል ዜማውን ጀመሩ፣ ጠራሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉም ገብቷቸው ነበር፤ ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። አሁን ዝም በይ አልኩ ለራሴ። አልቻልኩም፣ አጎቴ። "ተያይዛችሁ ዙሩ፣ ወደ ፊት ሂዱ" እያልኩ እንደ በቀቀን ቀጠልኩ። አምስተኛውም ዙር ላይ እየጠራሁ ነበር። ሦስቱ መምህራን ያዩኛል ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ይብስብኛል። ከዚያ ማይክሮፎኑ ቀጥ አለ።

ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ሙዚቃው ግን ድምፄን ዋጠው፣ ማንም አልሰማኝም። ወለሉን አየሁት፤ ዳንሱ ይሄዳል። ሁሉም ይሄዳል። ኢዝራ የሰውነት እንቅስቃሴ መምህሯን እጅ ይዞ በትክክለኛው ጎን ይዞራል። የሙዚቃው መምህር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዶክተር ዊትኮም ጫፉ ላይ ቆመው ዙሩ እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር፤ አሁን መቀያየሩን ይረሱታል ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ተቀያየሩ። ፊታቸውን አዞሩ፣ ገቡ። ማንም አልነገራቸውም። አለቀስኩ፣ እየሳቅኩ።

ችግሩ ይኼ ነው፤ በነጋታው "ዝም ለማለት የደፈርሽበት ቅጽበት ግሩም ነበር" አሉኝ የሙዚቃው መምህር። እኔ ደግሞ አልደፈርኩም። ሽቦው ተበላሽቶ ነው። ያልሠራሁትን ሥራ ይዤ ዲግሪ ልወስድ አልችልም። ስለዚህ ትናንት ለሦስቱም ጽፌ እውነቱን ነገርኳቸው። አሁን ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ሞኝ ነሽ ትለኝ ይሆናል።

አንተ ፒያኖው ጥግ ነበርክ። ሽቦው ምን እንደሆነ አይተሃል?

ፊቢ


ሃርሎ
ኤፕሪል 20

ፊቢዬ፣

ሞኝ አይደለሽም። ስላደረግሽው ኮርቻለሁ፤ እናትሽም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ሽቦው አሮጌ ነው። ፒያኖው ጀርባ አይጥ አትጠፋም። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ሰው ሁሉ ያንን ዳንስ መቼ እንደግመዋለን እያለ መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ኢዝራ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ በትክክል እንደደነሰ ለሚስቱ ነግሯት አላመነችውም። ውጤቱን እንደሰማሽ በፍጥነት ጻፊልኝ፤ ፖስተኛው በሩ ላይ ስቆም ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

ኦረን


ሜይ 3

አጎቴ ኦረን፣

ፈረሙ። ሦስቱም። ወረቀቱ አልጋዬ ላይ ነው፣ በየደቂቃው ሄጄ አየዋለሁ። ስሙ "የረድፍ ዳንስ አሠራር፤ በሒሳብ፣ በሙዚቃና በሰውነት እንቅስቃሴ" ይላል። የኮሌጁ ዲን ስሙ ረዝሟል ብለው ነበር፤ ዶክተር ዊትኮም "የትኛውን ላውጣው?" ብለው ዝም አሰኟቸው።

አሁን ደግሞ ስለ አይጧ እናውራ።

ስለፈረሙልኝ ላመሰግናቸው ወደ ዶክተር ዊትኮም ቢሮ ሄጄ ነበር። እውነቱን የነገርኩበትን ደብዳቤ አንስተው "ይህን ባትጽፊውም አውቅ ነበር" አሉኝ። ገረመኝ፤ አንተ አይጥ ናት ማለትህንም ነገርኳቸው። "ጫፉ ላይ ቆሜ ነበር እኮ" አሉ። "እዚያ የቆመ ሰው አንድ ዙር ሙሉ ሥራ የለውም፣ የሚያየው ብቻ ነው ያለው። ሽቦሽን የነቀለችውን አይጥ አይቻታለሁ። ቀይ ኮፍያ ነበራት። ነቅላ ስትጨርስ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ተቀመጠች።"

"ታዲያ ለምን ፈረሙልኝ?" አልኳቸው።

"አንቺ ዝም እንድትዪ አይደለም የጠየቅኩሽ" አሉኝ። "ዳንሱ አንቺ እንዳታስፈልጊው ነበር። አላስፈለግሽውም።"

አጎቴ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስተኸኛል። ሳገኝህ መጀመሪያ እቆጣሃለሁ፣ ከዚያ አቅፍሃለሁ፤ ወይም ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። አመሰግናለሁ። ይህንን ቃል ከዚህ በላይ ትልቅ አድርጌ መጻፍ ብችል እጽፈው ነበር።

የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። አልጋ አለ ወይ?

ፊቢ


ሃርሎ
ሜይ 7

ፊቢዬ፣

አልጋ አለ። ሁለት።

ደብዳቤሽን ለሉሲል ራሴ አነበብኩላት፣ በአፌ። ሹክሹክታ ነው፣ መሃል ላይም ተቆረጠብኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ስታለቅስ ደግሞ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው አለችኝ፣ ሽንኩርት አልነበረም። ትናንት ማታ ደግሞ ትልቋን ላም ስጠራት ዞር አለች። ከኦገስት ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል ይላል። እኔ አልቸኩልም። አሁን ጠሪ አለን።

ያቺን ሴትዮ ሰላም በይልኝ። ዓይኗ ጥሩ ነው፤ ጉልበቷም እንደዚያው፣ በመጨረሻው ዳንስ ስታሽከረክረኝ ኮፍያዬ ወድቋል። ስትፈልግ ትምጣ፣ መኪናዋን ግን ድልድዩ ጋ ታቁም።

ቅዳሜ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። ማስታወቂያው በሱቁ በር ላይ ተለጥፏል፣ ባቄላውም ታዟል፣ ሉሲል ሁለት አዲስ ዜማ አዘጋጅታለች። ስለ ዝምታው አትጨነቂ፤ እንደ ባለፈው ብትረሺውም ችግር የለም።

እኔ ሽቦው አጠገብ ነው የምቀመጠው።

አጎትሽ ኦረን